አንድ ስም፣ ሁለት ኬሚስትሪ፦ የለንደንና የሎስ አንጀለስ አየር



«ስሞግ» የሚለው ቃል ጢስና ጭጋግ የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የተዳቀለ ነው። የለንደን አየር መጠሪያ የነበረው ይህ ስም በኋላ ለሎስ አንጀለስም ተሰጠ። የሁለቱ ከተሞች አየር ኬሚስትሪ ግን ለየቅል ነበር። የስሙ አንድነት መፍትሔውን እንዴት እንዳዘገየው ዛሬ ላስረዳ እወዳለሁ።

ለንደን የድንጋይ ከሰል ጢስን ለዘመናት ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 5 እስከ 9 ቀን 1952 ግን ቀዝቃዛው አየር በሞቃት አየር ተከድኖ ከተማዋ ላይ ተኛ፤ ጢሱም መውጫ አጣ። በከሰሉ ውስጥ ያለው ድኝ ሲቃጠል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህ ጋዝ በጭጋጉ ጠብታዎች ውስጥ ሟሙቶ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጣል። የሟቾቹ ቁጥር በወቅቱ 4,000 ያህል ተብሎ ተገመተ፤ የኋላ ጥናቶች እስከ 12,000 አድርሰውታል። በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ።

በሎስ አንጀለስ ግን ከ1940ዎቹ ጀምሮ ዓይን የሚቆጠቁጠው ጉም የሚበረታው በጠራራ ፀሐይ ነበር። ባለሥልጣናቱ የለንደኑን ዓይነት ጢስ ጠርጥረው በነዳጅ ማጣሪያዎች ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ላይ ቁጥጥር አደረጉ፤ የዓይኑ ማቃጠል ግን አልቆመም።

እንቆቅልሹን የፈታው የአናናስን መዓዛ ያጠና የነበረው ትውልደ ኔዘርላንዱ ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጥፋተኛው ኦዞን መሆኑን አሳየ፤ ጎማ በኦዞን መሰነጣጠቁንም ለመለኪያነት ተጠቀመበት። የመኪና ሞተር ሙቀት በአየር ውስጥ ያሉትን ናይትሮጅንና ኦክሲጅን ያጣምራቸዋል። ከዚህ የሚገኘው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት አንድ የኦክሲጅን አቶም ይለቃል፤ አቶሙም ከኦክሲጅን ሞለኪውል ጋር ተዋሕዶ ኦዞን ይሆናል። ሳይቃጠል ያመለጠው የቤንዚን ትነት ደግሞ ኦዞኑ እንዲከማች ያደርጋል።

ልብ በሉ፤ እዚህ ናይትሮጅኑ በዋናነት የሚመጣው ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከአየሩ ነው። ስለዚህ ድኙን ከነዳጁ ማስወገድ ብቻውን ይህን ሰንሰለት ሊበጥሰው አይችልም። መኪናው ራሱ መታረም ነበረበት፤ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ በአብዛኞቹ አዳዲስ የአሜሪካ መኪኖች የጭስ ማውጫ ላይ ካታሊቲክ መለወጫ ተገጠመ።

የከተማን አየር ለማጽዳት የሚነሣ ሁሉ «ምን ይቃጠላል?» ብሎ ብቻ ሊያቆም አይገባም፤ «የወጣው ጋዝ በዚያች ከተማ ሰማይ ላይ ወደ ምን ይለወጣል?» ብሎም ሊጠይቅ ይገባል።