ስልካችን ለምን በ251 ይጀምራል?

ባለፈው ሰሞን አሜሪካ ተወልዶ ያደገው የእህቴ ልጅ ደውሎልኝ ስናወራ ድንገት፣ «አጎቴ፣ የእኛ ኮድ 1 ነው፤ የእናንተ ለምን 251 ሆነ? በደረጃ ነው እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ ከዓለም 251ኛ ወጥተን ነው» ብዬ ቀለድኩና ወደ ሌላ ጨዋታ አለፍን። ልጁ ቀልዴን አምኖ ሊቀር እንደሚችል የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ነው። እውነተኛው መልስ ደግሞ ከቀልዱም ይገርማል። እስኪ ከሥሩ ላውጋችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በቴሌግራም ዘመን ነው። አውሮፓ ውስጥ ሽቦው ተዘርግቷል፤ መልእክቱ ግን ድንበር ላይ ይቆማል። የደረሰው መልእክት ወረቀት ላይ ይገለበጣል፣ ወረቀቱ ለጎረቤት አገር ሠራተኛ ይሰጣል፣ እሱ ደግሞ በራሱ አገር መስመር እንደገና ይልከዋል። ዋጋው ለየብቻ፣ ደንቡ ለየብቻ ነው። ይሄ ያስመረራቸው 20 የአውሮፓ መንግሥታት ሜይ 17 ቀን 1865 ፓሪስ ላይ አንድ ስምምነት ፈረሙ። ዛሬ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የምንለው ድርጅት የተወለደው ያን ቀን ነው። ልብ በሉ፣ ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ80 ዓመት ይበልጣል። የተመድ አካል የሆነውም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ጄኔቫ ነው፤ ከ190 በላይ አገሮች አባል ናቸው።

ሽቦ ቢያንስ ድንበር ያውቃል። ሬዲዮ ሲመጣ ግን ጉድ ፈላ፤ ሞገድ ኬላ የለውም።

በ1900ዎቹ መጀመሪያ የባሕር ላይ ሬዲዮ ንጉሡ የማርኮኒ ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ለመርከቦች መሣሪያውን ከነሠራተኛው ያከራያል፤ ሠራተኞቹ ደግሞ አደጋ ካልሆነ በስተቀር የሌላ ኩባንያ መሣሪያ ከያዘ መርከብ ጋር እንዳይነጋገሩ ታዘዋል። የአንዱ ድርጅት ሲም ካርድ ወደ ሌላው ድርጅት አይደውልም እንደማለት ነው። በ1902 የጀርመኑ ንጉሥ ወንድም ልዑል ሃይንሪሽ ከአሜሪካ ጉብኝቱ ሲመለስ፣ ከመርከቡ ላይ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የምስጋና መልእክት ሊልክ ፈለገ። መርከቡ የጀርመን መሣሪያ የያዘ ስለነበር የማርኮኒ ጣቢያ አልቀበልም አለው ይባላል። ንጉሡ ተቆጡ። በዓመቱ ጀርመን ዘጠኝ አገሮችን በርሊን ላይ ሰበሰበች፤ በ1906 ደግሞ እዚያው በርሊን ሃያ ዘጠኝ አገሮች ተሰብስበው የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ስምምነት ፈረሙ። የባሕር ዳርቻ ጣቢያ የየትኛውንም መርከብ መልእክት፣ መሣሪያው የማንም ይሁን የማን፣ መቀበል አለበት ተባለ። ኤስ ኦ ኤስ የጭንቅ ጥሪ እንዲሆን የተወሰነውም እዚሁ ስብሰባ ላይ ነው።

ግን አንድ ቀዳዳ ቀርቶ ነበር። መርከብ ላይ ሬዲዮ ይኑር እንጂ፣ ሃያ አራት ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው ይኑር የሚል ግዴታ አልነበረም።

ኤፕሪል 14 ቀን 1912 ሌሊት፣ ካሊፎርኒያን የምትባል መርከብ በረዶ ስለከበባት ቆማ ታድራለች። ያላት የሬዲዮ ሠራተኛ አንድ ብቻ ነው። በአቅራቢያዋ ላለችው ታይታኒክ ስለ በረዶው ሊነግር ሞከረ። የታይታኒክ ሠራተኛ የመንገደኞችን የግል መልእክት በመላክ ተወጥሮ ስለነበር «ዝም በል፣ ሥራ ላይ ነኝ» የሚል መልስ ሰጠው። ሰውየው ትንሽ አዳምጦ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ታይታኒክ ከበረዶው ጋር ተጋጨች። የጭንቅ ጥሪዋን ሰምታ ከሩቅ የመጣችው ካርፓቲያ የምትባል ሌላ መርከብ ነበረች፤ ከ700 በላይ ሰው አተረፈች። ከ1,500 የሚበልጥ ሰው ግን አልቋል።

ከሦስት ወር በኋላ ለንደን ላይ ስብሰባ ተደረገና በባሕር ላይ የማዳመጥ ግዴታው ጠበቅ ተደረገ። እኔን ሁሌ የሚከነክነኝ ይሄ ነው፦ እነዚህ ዛሬ ስናነባቸው የሚያንቀላፉን ደንቦች ብዙዎቹ በሰው ሕይወት የተከፈለባቸው ናቸው።

አሁን ወደ 251 እንመለስ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባሕር አቋራጭ የስልክ ገመዶች እየበዙ ነው። ያለ ኦፕሬተር፣ ሰው በገዛ እጁ ከአገር ወደ አገር እንዲደውል ለእያንዳንዱ አገር መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። በኅብረቱ ውስጥ ያሉት የቴሌፎን ባለሙያዎች ዓለምን በዘጠኝ ቀጠና ከፈሏት፤ ዝርዝሩ በ1964 ወጣ። ሰሜን አሜሪካ 1፣ አፍሪካ 2፣ አውሮፓ 3 እና 4፣ ደቡብ አሜሪካ 5፣ ሶቪየት ኅብረት ብቻውን 7።

ታዲያ ለምን ለአንዱ አንድ ዲጂት፣ ለሌላው ሦስት? ምክንያቱ ክፋት አልነበረም፣ ሂሳብ ነው። የአንድ ዓለም አቀፍ ስልክ ቁጥር ጠቅላላ ርዝመት ገደብ አለው። ብዙ ስልክ ያለው አገር የውስጥ ቁጥሩ ይረዝማል፤ ስለዚህ ኮዱ ማጠር አለበት። ጥቂት ስልክ ያለው አገር የውስጥ ቁጥሩ አጭር ነውና ሦስት ዲጂት ቢሸከም ችግር የለውም ተባለ። አውሮፓ ሁለት ቀጠና የወሰደው ባለሁለት ዲጂት ኮድ የሚፈልጉ አገሮች ስለበዙበት ነው። ከአፍሪካ ሁለት ዲጂት ያላቸው ግብፅ (20) እና ደቡብ አፍሪካ (27) ብቻ ናቸው። እኛ 251፣ ሶማሊያ 252፣ ጅቡቲ 253፣ ኬንያ 254። በቃ፣ ላለው ይጨመርለታል።

ማለትም 251 ውስጥ የተጻፈው የዛሬው አቅማችን አይደለም፤ የ1960ዎቹ የስልክ ብዛት ነው። ዛሬ በአስር ሚሊዮኖች የምንቆጠር የሞባይል ደንበኞች ብንሆንም ቁጥሩ አልተነሳም። አንዴ የተሰጠ ነገር አይነቃነቅም፤ የሚነቃነቀው አገር ሲፈርስ ወይም ሲወለድ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ስትጠፋ የለቀቀችው 37 ተሸንሽኖ ከሶቪየት ለተላቀቁት ለሊቱዌኒያ 370፣ ለላትቪያ 371፣ ለኢስቶኒያ 372 ሆነ። ኤርትራም ነፃ ስትወጣ ከ251 ወጥታ 291 አገኘች። የኮዶቹን ዝርዝር የሚያነብ ሰው የታሪክ መጽሐፍ ነው የሚያነበው።

የቁጥሩስ ይሁን፣ ሦስት ዲጂት መደወል ማንንም አልገደለም። ዋናው ጉዳይ ሰማይ ላይ ነው።

ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አንዲት ቀለበት አለች። እዚያ ያለ ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ካለበት የማይንቀሳቀስ ይመስላል፤ ጣሪያችን ላይ ያለው ዲሽ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያየ የሚሠራው ለዚህ ነው። ቀለበቷ ግን አንድ ነች። በአንድ ዓይነት ፍሪኩዌንሲ የሚሠሩ ሳተላይቶች በጣም ከተጠጋጉ ይረባበሻሉ። ስለዚህ ቦታው ውስን ነው፤ የቆየው ደንብ ደግሞ ወረፋ ነው። ቀድሞ ያስመዘገበ ይጠበቃል፣ በኋላ የመጣ ከፊተኛው ጋር ተነጋግሮ ይስማማል።

ወረፋ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን ወረፋው ሲጀመር በሩ ላይ መድረስ ለሚችል ነው። በ1976 ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶር፣ ኢንዶኔዥያ፣ ከጎረቤቶቻችን ደግሞ ኬንያና ኡጋንዳ ያሉበት የምድር ወገብ አገሮች ቦጎታ ላይ ተሰብስበው «ከበላያችን ያለው የቀለበቷ ክፍል የእኛ ነው» ብለው አወጁ። ጠፈር የማንም አገር ግዛት አይሆንም የሚል ስምምነት ከ1967 ጀምሮ ስለነበረ ዓለም አልተቀበላቸውም። ቢሆንም የወረፋው ነገር ያንገበገባቸው እነሱ ብቻ አልነበሩም። በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ጄኔቫ ላይ ጥያቄውን አልለቀቁም። በ1985 እና በ1988 በተደረጉት ጉባኤዎች፣ በተወሰኑ ፍሪኩዌንሲዎች ላይ እያንዳንዱ አባል አገር፣ ሳተላይት ኖረውም አልኖረውም፣ ቢያንስ አንድ ቦታ እንዲጠበቅለት ተወሰነ። የእኛም ስም እዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ።

ግን የተጠበቀ ቦታ በራሱ ሳተላይት አይሆንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዲሻችንን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ስናዞር ታስታውሳላችሁ? በየጣሪያው «መጣ? አልመጣም? ትንሽ ወደ ግራ!» ሲባል የከረመው። ስሙ የእኛ ነው፣ ሳተላይቱ ግን በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ያለው ኤንኤስኤስ-12 ነው፤ ባለቤቱም ኤስኢኤስ የተባለ የሉክሰምበርግ ኩባንያ ነው። ሉክሰምበርግ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ኩባንያው የተቋቋመው በ1985 ነው፤ ደሃዎቹ አገሮች ጄኔቫ ላይ ቦታ ይጠበቅልን እያሉ በሚከራከሩበት በዚያው ዓመት። በዚህ ዓለም ትልቅ የሚያደርገው የሕዝብ ብዛት ወይም የቆዳ ስፋት ብቻ አይደለም፤ በጊዜ መገኘትም ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ወረፋ ተጀምሯል። ወደ ምድር ቀረብ ብለው የሚዞሩ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢንተርኔት ሳተላይቶች ወደ ላይ እየወጡ ነው። እነሱም ፍሪኩዌንሲያቸውን የሚያስመዘግቡት በዚሁ ኅብረት በኩል ነው። ወረፋ ይዞ መጥፋት እንዳይኖር፣ ያስመዘገበ በሰባት ዓመት ውስጥ መጠቀም መጀመር አለበት የሚል ደንብ አለ። ደንቦቹ በየሦስት ወይም አራት ዓመቱ በሚደረግ ጉባኤ ይከለሳሉ፤ በ2023 ዱባይ ላይ የተደረገው አራት ሳምንት ፈጅቷል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ከተሰጠ አሜሪካም አንድ ነች፣ ኢትዮጵያም አንድ ነች። አብዛኛው ነገር የሚያልቀው ግን በድምፅ አይደለም፤ በየትንንሹ ክፍል፣ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ቃል በቃል እየተከራከሩ በመስማማት ነው። አምስት ክፍል ውስጥ በአንድ ሰዓት ስብሰባ ካለ፣ ሁለት ሰው የላከ አገር ሦስቱ ላይ የለም።

ለእህቴ ልጅ መልሼ ደወልኩለት። «ደረጃ አይደለም፤ ቁጥሩ ሲታደል ስልካችን ጥቂት ስለነበረ ነው» አልኩት። ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «የሚቀጥለው መቼ ነው የሚታደለው?» አለኝ።

አሁን፣ አልኩት። አሁን እየታደለ ነው።