ከሜችኒኮፍ እርጎ እስከ ፕሪባዮቲክ፦ የአንድ መላ ምት ጉዞ



ስለ አንጀት ባክቴሪያዎች ጠቀሜታ የሚተረከው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በፓሪስ የፓስተር ተቋም ይመራመር ከነበረው ከኤልያ ሜችኒኮፍ ነው። ሜችኒኮፍ ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርሞችን ውጠው እንደሚያጠፉ በማስረዳቱ እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤልን ሽልማት ከፖል ኤርሊክ ጋር ተጋርቷል። በስተርጅናው ግን ሌላ ጥያቄ ያዘው፦ ሰው ለምን ያረጃል? መልሱን በትልቁ አንጀት ውስጥ ፈለገ። በዚያ የሚካሄደው ብስባሴ ሰውነትን ቀስ በቀስ ይመርዛል፤ ወተትን የሚያረጉ ባክቴሪያዎችም ይህን ይገታሉ ብሎ አመነ። ለማስረጃነትም እርጎ የሚያዘወትሩትን የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜ ጠቀሰ። እርሱ ራሱም የረጋ ወተት እያዘወተረ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1916 በ71 ዓመቱ አረፈ።

ጥያቄው ታላቅ ነበር፤ ማስረጃው ግን ደካማ። ገበሬዎቹ እርጎ ስለጠጡ ብቻ ዕድሜያቸው ረዝሟል ማለት አይቻልም። ከዚህም በላይ፣ በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲው ሊዮ ሬትገርና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተሙት ጥናት የቡልጋሪያው ባክቴሪያ በአንጀት ውስጥ ሰፍሮ እንደማይቆይ አመለከቱ። በአንጻሩ የወተት ስኳር መመገብ በአንጀት ያሉትን ባክቴሪያዎች ስብጥር እንደሚለውጥ አስተዋሉ።

ይህ የአስተሳሰብ መታጠፊያ ነው። እንግዳ ባክቴሪያ ከማስገባት ይልቅ ነባሩን መመገብ ይቻላል ማለት ነውና። የእናት ጡት ወተት ለዚህ ዋነኛው ምስክር ነው፤ ሕፃኑ ራሱ የማይፈጫቸውን ስኳሮች ይዟል፤ የሚመገቧቸውም በአንጀቱ ያሉት ቢፊዶባክቴሪያዎች ናቸው። ሐሳቡ «ፕሪባዮቲክ» የሚለውን ስም ያገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ግሌን ጊብሰንና ማርሴል ሮበርፍሮይድ ባወጡት ጽሑፍ ነው። በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት የሚገኘው ኢኑሊን ምሳሌው ነው፦ በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ ያልፋል፤ በትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ከሚያመነጯቸው አሲዶች አንዱ የሆነው ቡቲሬትም ለአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ኃይል ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች ለፕሮባዮቲክም ወሰን አበጁለት፦ በበቂ መጠን ሲወሰድ ጤናን የሚጠቅም ሕያው ረቂቅ ተሕዋስ። «ሕያው»፣ «በበቂ መጠን»፣ «የሚጠቅም» የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው ፈተና ናቸው።

እስቲ የራሳችንን ማዕድ በዚህ እንመዝን። የእንጀራ ሊጥ በእርሾ ይቦካል፤ ነገር ግን ያቦኩትን ተሕዋስያን የምጣዱ ሙቀት ይገድላቸዋል። ስለዚህ እንጀራን ፕሮባዮቲክ ብለን ልንጠራው አንችልም፤ ከጤፉ የሚገኘው አሰር ግን ሙቀቱን ተቋቁሞ ይቀራል። እርጎ ደግሞ ሕያዋን ተሕዋስያን አሉት፤ ሆኖም የትኞቹ፣ ምን ያህል፣ ለየትኛው ሕመም የሚለው በጥናት እስካልተመለሰ ድረስ ስሙን በችኮላ ልንሰጠው አይገባም።

ሜችኒኮፍን ያሳሳተው በደካማ ማስረጃ መደገፉ እንጂ የዕውቀት ማነስ አልነበረም። የእኛም ፈተና ይኸው ነው።