የፋሲካ ማዕድና የዕርቅ ታሪክ በዋግ

በአገራችን ከሚከበሩት ዐበይት በዓላት መካከል ፋሲካን ያህል ቤተ ክርስቲያንን፣ ቤተ ሰብንና ጎረቤትን በአንድ ሌሊት የሚያገናኝ በዓል የለም ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። የበዓሉን ሃይማኖታዊ ምሥጢር ሊቃውንት በሰፊው አስተምረዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን በዓሉ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ስላለው መልክ፣ ከዋግ ቤት ታሪክ ጋርም ስለሚገናኝበት ነገር ጥቂት ለማስታወስ ነው። ሐሳቡም አንድ ነው፤ ይኸውም ፋሲካ በሕዝባችን ዘንድ ከመብል አስቀድሞ የዕርቅ በዓል መሆኑ ነው።

ፋሲካ የሚውልበት ዕለት በባሕረ ሐሳብ ተቈጥሮ ይወጣል። ቢቀድም መጋቢት 26፣ ቢዘገይም ሚያዝያ 30 ቀን እንጂ ከዚህ አያልፍም። መጋቢት 26 ቀን ደግሞ በጋ ተፈጽሞ ፀደይ የሚገባበት ዕለት ስለ ሆነ ፋሲካ ዘወትር የፀደይ በዓል ነው። ነገር ግን በዋግ ፀደይ የጥጋብ ወራት አይደለም። ያለፈው መኸር ከጎተራ እየጎደለ ሲሄድ ገበሬው የደመናውን መምጫ እያየ ይሰነብታል። ስለዚህ በዚያ አገር የፋሲካ ማዕድ ከተረፈው ሳይሆን ከጎደለው ላይ የሚዘረጋ ማዕድ ነው፤ ክብሩም ከዚህ የተነሣ ነው።

ሰቆጣ የዋግሹሞች መቀመጫ የነበረች ጥንታዊት ከተማ ናት። የዋግ ቤት ትውልዱን ከዛጉዬ ነገሥታት ይቈጥራል። ከተማይቱ ከአፋር ምድር በሚመጣው የአሞሌ ጨው ንግድ ስመ ጥር ሆና ኖራለች፤ በአቅራቢያዋም ከአለት የተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በዚህ አገር በፋሲካ ሰሞን ሦስት ቋንቋዎች ይሰማሉ። በመቅደስ ግዕዝ ይዜማል፤ ብዙዎች በየቤታቸው በኽምጣንጋ ይጫወታሉ፤ በገበያ ደግሞ አማርኛ ይነገራል።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ። በጸሎተ ሐሙስ እግር ይታጠባል፤ ጉልባንም ይበላል። በስቅለት ዓርብ ምእመናን ሲሰግዱ ይውላሉ፤ የቻለም እስከ ትንሣኤ ሌሊት ያከፍላል። በቀዳም ሥዑር ካህናቱ ቄጠማ ያድላሉ፤ ይህም የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችውን ርግብ የሚያስታውስ የሰላም ምልክት ነው። በእነዚሁ ቀናት ሽማግሌዎች የተጣላውን ሲያስታርቁ ይታያሉ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባለው፣ ከባልንጀራው ሳይታረቅ ጾሙን የሚፈታ ሰው ድካሙ ከንቱ እንደ ሆነ ይቈጠራል። በሌሊቱ ከበሮው ድምፁን ያሰማል፤ ጧፍ ይበራል። ከቅዳሴ በኋላም ሁሉ ወደየቤቱ ተመልሶ፣ ሆዱን በተልባ አለስልሶ፣ በዶሮ ወጥ ይፈስካል።

የበዓሉ ግማሽ የሚፈጸመው ግን ከቤት ውጭ ነው። ከሰኞ ማዕዶት እስከ ዳግም ትንሣኤ ድረስ ሰዎች በእግራቸው ከመንደር ወደ መንደር ይሄዳሉ። አማች ለሚስቱ ወላጆች ዳቦና መጠጥ አስይዞ አክፋይ ይወስዳል፤ የክርስትና ልጅ አባቱን ይጠይቃል። አቀበቱን ወጥቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ከወይራና ከግራር ጥላ ሥር ዐረፍ እያለ የሚጓዘው ሰው ለመንሸራሸር ብቻ የወጣ አይደለም። ዝምድናውን በእግሩ የሚያድስ ነው።

ይህ ልማድ በታሪካችን ውስጥ አንድ ጊዜ በብርቱ ተፈትኗል። አፄ ቴዎድሮስ የዋጉን ሹም ገብረ መድኅንን በስቅላት ቀጥተው ነበር። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜም የአባታቸውን ደም አስበው ሸፈቱ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ ንጉሠ ነገሥቱ ከአብዛኛው መኳንንት ተለይተው ቀርተው ነበር። በዚያ ዓመት የእኛና የእንግሊዞች ፋሲካ በአንድ ቀን ዋለ። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዓርብ፣ በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆኖ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደቁ። ሚያዝያ 5 ቀን፣ በዕለተ ትንሣኤ፣ አፄ ቴዎድሮስ ለጄኔራል ናፒየር 1,000 ላምና 500 በግ የጾም መፍቻ ላኩ። ስጦታው ተቀባይነት ያገኘ መስሏቸው ለጊዜው ተስፋ አደረጉ፤ ምክንያቱም በአገራችን ልማድ የፋሲካ ከብት መቀበል ዕርቅን መቀበል ነው። ናፒየርም ትርጉሙን በተረዱ ጊዜ ከብቱን ሳይቀበሉ ቀሩ። በማግሥቱ በማዕዶት ሰኞ መቅደላ ተደበደበ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መረጡ።

ከዚህ በኋላ ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ሚስታቸው ድንቅነሽ ምርጫ የትግሬው ደጃዝማች ካሣ እኅት ነበሩ። በመንደር ቢሆን ኖሮ አማቾቹ በፋሲካ አክፋይ ይለዋወጡ ነበር። በመንግሥት ጉዳይ ግን በ1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ተዋጉ፤ ተክለ ጊዮርጊስ ተሸንፈው ተማረኩ፤ በእስርም ሞቱ። ካሣም አፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ተራው ገበሬ በየዓመቱ በአንድ እንጀራ የሚፈጽመውን ዕርቅ ኃያላኑ በሺህ ከብት እንኳ ሳያገኙት መቅረታቸውን ልብ ይሏል።

በዘመናችንም ፈተናው አልቀረም። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ኽምራን ባዳረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ በሰቆጣ ተጠልሏል። አክፋይ የሚወስድበት የአማቱ ቤት ለፈረሰ፣ የሚሳለምበት ደብር ከጦር ግንባር ማዶ ለቀረ ሰው ፋሲካ ምን ማለት እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ የፋሲካን ልማድ ስንጽፍና ስናስተምር ስለ ዶሮው ወጥና ስለ ጠላው ብቻ ብንናገር ግማሹን መተዋችን ነው። ተማሪዎች ከአያቶቻቸው ሊጠይቁትና ሊጽፉት የሚገባው ዋናው ነገር በማን ቤት ከማን ጋር እንደ ተፈሰከ፣ ከዚያ በፊትም ማን ከማን ጋር እንደ ታረቀ ነው። በዋግ ተራሮች ላይ ማዕዱ ጠቦ ያየ ዘመን ብዙ ነው። ከጠባቡም ማዕድ የተጣላው ሰው ተጠርቶ ሲቀመጥ በዓሉ ሙሉ ሆኖ ኖሯል።