ከሮማ በፊት መልቦርን

የአገራችን የኦሊምፒክ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጀመረው አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮማ ካገኘው ድል ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያ በመጀመሪያው ኦሊምፒኳ ኅዳር 28 ቀን 1949 ዓ.ም. በመልቦርን በተደረገው የቢስክሌት እሽቅድምድም ተካፍላለች። አማተሮቹ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬና ፀሐዬ ባህታ 17 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ዙር 11 ጊዜ በሚታለፍበት ውድድር ተሰለፉ። ጠቅላላው ርቀት 187 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ እኛ በሆሳዕና ያደግን ተማሪዎች በምናውቀው መንገድ ብንለካው፣ ከሆሳዕና እስከ አዲስ አበባ ካለው ያነሰ ነው። የቡድን ውጤት የሚወሰነው በሦስት ሰዎች ደረጃ ድምር ስለ ነበረ፣ የአንድ ሰው ብርታት ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ኢትዮጵያም 9ኛ ወጣች። ሜዳልያ የተገኘበትን ብቻ ታሪክ ካልን፣ መንገድ ጠራጊዎቹን እንዘነጋለን።