ከኩላሊት ጠጠር እስከ ፈረስ ጅማት

በፈረሶች ሕክምና ዘንድ የታወቀው የሾክ ዌቭ ሕክምና መነሻው የአውሮፕላን ኢንዱስትሪ ነው። ዶርኒየር የተባለው የጀርመን አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ ከድምፅ በሚፈጥኑ አውሮፕላኖች ላይ የዝናብ ጠብታ የሚያደርሰውን ጉዳት ሲያጠና፣ የግፊት ሞገድ በጠጣር አካል ላይ ያለውን ኃይል ተገነዘበ። ከዚህ በመነሳት ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. ክርስቲያን ሾሲና ባልደረቦቹ በሙኒክ ከተማ የአንድን ሕሙም የኩላሊት ጠጠር ያለ ቀዶ ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰባበሩ።

ዘዴው ቀጥሎ ወደ አጥንትና ጅማት ሕክምና ተሸጋገረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጀርመን የእንስሳት ሐኪሞች በፈረሶች ላይ ሠሩበት፤ ቀዳሚ ትኩረታቸውም በሩጫና በዝላይ ብዛት የሚጎዳው፣ የፈረሱን ቁርጭምጭሚት ደግፎ የሚይዘው ጅማት ነበር። እዚህ ላይ የሚፈለገው መሰባበር ሳይሆን የተጎዳው አካል ራሱን እንዲጠግን ማነቃቃት ነው።

ይሁን እንጂ ሞገዱ ጉዳቱ ሳይድን ሕመሙን ለጥቂት ቀናት ሊያስታግስ ይችላል። ሕመም ያልተሰማው ፈረስ የተጎዳ እግሩን ሳይቆጥብ ይሮጣል፤ አጥንቱ ቢሰበር ጋላቢውም ጭምር ለሞት አደጋ ይጋለጣል። ስለሆነም ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ከውድድር በፊት ባሉት 5 ቀናት ሕክምናው እንዳይሰጥ ከልክሏል። በአሜሪካም በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የፈረስ እሽቅድምድም የደኅንነት ደንብ የታከመው ፈረስ ቢያንስ ለ30 ቀናት እንዳይወዳደር ያዛል።

ከሰው ወደ ፈረስ የተሻገረው ይህ ሕክምና ለሰው ሐኪምም የሚመልሰው ትምህርት አለ፦ የሕመም መታገስ ብቻውን የመዳን ምስክር አይሆንም።