ከአሸናፊው በኋላ የሚገቡት

እ.ኤ.አ. በ2003 ገዛኸኝ አበራ የለንደን ማራቶንን ያሸነፈው ትንፋሽ ለትንፋሽ ተናንቆ ነው። ጣሊያናዊው ስቴፋኖ ባልዲኒ ተከትሎት ሲገባ ለሁለቱም የተመዘገበው ሰዓት 2፡07፡56 ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደራርቱ ቱሉ በዚያው ከተማ ድል አድርጋለች። እኛ ዘንድ ውድድሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ ወደየጉዳይ ይኬዳል። ለንደን ላይ ግን በዚያ ሰዓት ብዙው ሯጭ ገና መንገድ ላይ ነው። ካናቴራው ላይ የአንድ ሆስፒስ ስም፣ ደረቱ ላይ ተመልካቹ ጠርቶ እንዲያበረታታው የራሱን ስም፣ ጀርባው ላይ ደግሞ የሟች እናቱን ፎቶ የለጠፈ ከመሃላቸው አይጠፋም።

ሆስፒስ መዳን የማይችል ሕመምተኛ ሥቃዩ ተቀንሶለት፣ ቤተሰቡም ተደግፎ የሚታከምበት አገልግሎት ነው። ዘመናዊውን ሆስፒስ የመሠረቱት እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ ናቸው። በ1948 መጀመሪያ፣ የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ሳሉ፣ ዴቪድ ታስማ የሚባል ፖላንዳዊ አይሁዳዊ ስደተኛ በካንሰር ሊሞት አልጋ ላይ ነበር። ደጋግመው ያወሩ የነበረው እንደ እሱ ላሉ ሰዎች የሚሆን ቤት ስለማቋቋም ነው። ታስማ ሲሞት 500 ፓውንድ ተናዘዘላቸው፤ ለዚያ ቤት መስኮት እንዲሆን። መስኮቱ ተገኘ፣ ቤቱ የለም። ቤቱን ለማቆም 19 ዓመት ፈጀ። በመሃሉ ሳንደርስ ሕክምና ተምረው በ1957 ሐኪም ሆኑ፤ ሃክኒ በሚገኘው ቅዱስ ዮሴፍ ሆስፒስም ሞርፊንን ሕመምተኛው እስኪጮህ ሳይጠብቁ ሰዓት ጠብቀው መስጠት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ እየመዘገቡ አሳዩ። በደቡብ ለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ የተከፈተው በ1967 ነው።

1948 ብሪታኒያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎቷን የጀመረችበት ዓመትም ነው። መውለዱም ቀዶ ጥገናውም በመንግሥት ወጪ ሲሆን፣ ሆስፒስ ግን ከበጎ አድራጊ እጅ አልወጣም። ዛሬም በእንግሊዝ የአዋቂዎች ሆስፒሶች ከመንግሥት የሚያገኙት የወጪያቸውን ሲሶ ያህል ነው። ቀሪው ከኑዛዜ፣ ከልባሽ ጨርቅ ሱቆች፣ ከሎተሪና ከሯጭ ላብ ይመጣል።

የለንደንን ማራቶን የጠነሰሱት የ1956ቱ ኦሊምፒክ የ3,000 ሜትር መሰናክል ባለወርቅ ክሪስ ብራሸር እና ጓደኛቸው ጆን ዲዝሊ ናቸው፤ በ1979 ኒውዮርክ ሮጠው መጥተው። የመጀመሪያው ውድድር ማርች 29 ቀን 1981 በዝናብ ተካሄደ። አሜሪካዊው ዲክ ቤርድስሊ እና ኖርዌጂያዊው ኢንገ ሲሞንሰን እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡና ሁለቱም አሸናፊ ተባሉ፤ ከ6 ሺህ በላይ ሰዎችም ጨረሱ። የውድድሩ ትርፍ የታሰበው ለስፖርት ማዘውተሪያዎች ነበር። ሯጮቹ ለሕሙማን የሚሰበስቡት ከዚያ ሌላ ነው።

ያኔ ገንዘቡ የሚሰበሰበው በወረቀት ነበር። ሯጩ ቅጹን ይዞ መሥሪያ ቤቱን፣ ጎረቤቱን፣ የሚያመሽበትን መጠጥ ቤት ይዞራል። ስም፣ አድራሻ፣ በማይል ይህን ያህል ሳንቲም። 26 ማይሉን ከጨረሰ ተባዝቶ ይከፈለዋል። ከዚያ በኋላ ያበጠ እግሩን እየጎተተ ወረቀቱን ይዞ እንደገና ይዞራል፤ ፈርሞ የሚሰወር ሰው እንግሊዝ አገርም አለ። ከ1993 ጀምሮ ደግሞ ድርጅቶች የመሮጫ ቦታ አስቀድመው እየገዙ፣ ከዋጋው ብዙ እጥፍ ለማምጣት ቃል ለገባ ሰው መስጠት ቻሉ። በዕጣ ያልደረሰው በዚህ በር ይገባል። ለልዩ ልዩ በጎ ሥራ የተሰበሰበው ገንዘብ እስከ 2019 ድረስ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ አልፏል።

እንግሊዞች በዚህ ይኮራሉ። ይገባቸዋል፤ እኔን ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ ይለኛል። ስብራቱን ለማስጠገን ሯጭ የሚጠብቅ ሕመምተኛ እዚያ አገር የለም፤ በሰላም ለመሞት ግን የሚጠብቅ አለ። ነርሷ ደመወዝ የምትፈልገው በየወሩ ሲሆን ሩጫው በዓመት አንዴ ነው። ይህ በ2020 በግልጽ ታየ። በኮሮና ምክንያት ለንደን ላይ በአካል የሮጡት ምርጥ አትሌቶች ብቻ ነበሩ፤ ሹራ ቂጣታም አሸነፈ። ከኋላው ግን ሕዝብ አልነበረም። ሱቆቹም ተዘግተው ነበርና መንግሥት በእንግሊዝ ላሉ ሆስፒሶች እስከ 200 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ የአስቸኳይ ጊዜ ድጋፍ ለመመደብ ተገደደ። ገንዘቡ ሲፈለግ ይገኝ ነበር ማለት ነው።

የእኛ ዕድር ሥራው የሚጀምረው ነፍስ ከወጣች በኋላ ነው። በኤችአይቪ ዘመን ግን አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮች አባላቸውን በሕይወት እያለ፣ ገና ሲታመም፣ መርዳት ጀመሩ። በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያም ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብን መረጠ። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ራሱ ውድ መድኃኒት አይደለም። ገንዘብ የሚበላው ነርሷ ደመወዟ ሳይቋረጥ፣ መኪናውም ነዳጅ ሳያጣ ከሰፈር ሰፈር መድረሱ ነው።