የይፋት ወንዞች ከሰማይ ሲታዩ

ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ መንገደኛ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ብርዱን ከኋላው ትቶ ብዙም ሳይቈይ ማሾና ሽንኩርት ከሚበቅልበት ቆላ ይደርሳል። ውሃውም እንደ መንገደኛው ቁልቁል ይወርዳል። ሮቢ፥ ጀውሃ፥ አታዬና ጃራ የተባሉት ወንዞች ከደጋው ገደል እየተንደረደሩ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይደክማል፤ ያን ጊዜም ያመጡትን ድንጋይና አሸዋ እያራገፉ መሄጃቸውን ይለዋውጣሉ። ዘንድሮ የመስኖ ቦይ የተጠለፈበት ዳር ለከርሞ የጠጠር ክምር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ወንዝ ዳሩ ላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው የሚያየው ቁራጩን ብቻ ስለ ሆነ፥ መላውን ለማየት ከፍ ማለት ያስፈልጋል።

በአገራችን ግን ምድርን ከፍ ብሎ የማየት ሥራ በበጎ አሳብ ብቻ አልተጀመረም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ከ1935 እስከ 1941 የኢጣልያ ወታደራዊ የጂኦግራፊ ድርጅት ምድራችንን ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። ከበረራዎቹም አንዳንዶቹ ጦሩ ወደ አዲስ አበባ ከመገሥገሡ አስቀድመው የተደረጉ ናቸው፤ በ1936 ከደሴ የተነሣው ጦርም የይፋትን ቆላ አቋርጦ ጣርማ በርን ወጣ። ከነዚያ ሥዕሎች 8281 ሰሌዳዎች በኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ውስጥ ተገኝተው፥ የምርመራው ጽሑፍ በ2016 ታተመ። በያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አራት ፎቶግራፎች አሉ፤ አንዱ በቀጥታ ቁልቁል፥ ሦስቱ በጐን የተነሡ ናቸው። ተከታዮቹ ሥዕሎችም ከመቶ 60 ያህል ይደራረባሉ። የነገሩ ቁልፍ ይህ መደራረብ ነው፤ ሰው በሁለት ዐይኑ ርቀትን እንደሚለይ ሁሉ፥ አንድ ኮረብታ ከሁለት ስፍራ ሲነሣ ከፍታው ይለካል። ለዘመቻ የተነሣው ሥዕል ዛሬ ስለ ደኑ፥ ስለ ቦረቦሩና ስለ ወንዙ ይመሰክራል፤ አንሺው ይህን ያሰበ አይመስለኝም።

ከነጻነት በኋላ በ1960 የቆቃ ግድብ ተፈጸመ፤ በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1965 ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ርዳታ የተጠናው የአዋሽ ተፋሰስ ሪፖርት ወጣ።

ዛሬ ድሮን የሚባለው ሰው የማይሳፈርበት ትንሽ አውሮፕላን የሚሠራው በዚያው በመደራረብ ዘዴ ነው። ልዩነቱ ዝቅ ብሎ መብረሩና ከያንዳንዱ ጎርፍ በኋላ ተመልሶ ማንሣት መቻሉ ነው። ስለዚህ ወንዙ ምን ያህል ዳር እንደ በላ፥ ምን ያህል ጠጠር እንዳራገፈ የሁለት ጊዜ ሥዕል በማስተያየት ይታወቃል፤ ሙቀት የሚለይ ካሜራ ቢጫንበትም ምንጭ ወደ ወንዝ የሚገባበትን ስፍራ ሊያመለክት ይችላል። የደፈረሰ ውሃ ግን ጥልቀቱን ከካሜራ ይሸሽጋልና፥ ዘንግ ይዞ ወንዝ የሚገባ ሰው አሁንም አልቀረም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። በ2023 በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የድሮን ጥቃት ሰላማዊ ሰዎችን እንደ ገደለ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ አስታውቋል። እንግዲህ ድምፁን የሰማ እረኛ ከብቱን ጥሎ ቢሸሽ አይፈረድበትም። በእኔ አስተያየት በሮቢ ላይ መሣሪያውን ሊያስነሣ የሚሻ ተማሪ፥ የመንግሥትን ፈቃድ ካገኘ በኋላም ቢሆን፥ አስቀድሞ ከውሃ አባቶች ጋር ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥ። እነርሱ መሣሪያውን በእጃቸው ይዘው ይዩት፤ እርሱም ወንዙ ቀድሞ በየት በኩል ይሄድ እንደ ነበረ ይጠይቃቸው።